ቢፈላም

ግንቦት 9

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ የሹፌርነቱ ሥራ እንዴት ይዞታል? እኔ ደህና ነኝ። ከዚያ በላይ ብል ትቆጪኛለሽ፣ ከዚያ በታች ብል ታዝኚልኛለሽ፤ ሁለቱንም ስለማልፈልግ ደህና ነኝ። ይህን ሁሉ በስልክ ብነግርሽ ይሻል እንደነበር አውቃለሁ። አመሌን ግን ታውቂዋለሽ፤ ስልክ ጆሮዬ ላይ ሲሆን አፌ ይዘጋል።

ለመጀመሪያው ጥያቄሽ፣ ልጄን የገደለው የጉድጓዱ ውኃ ነው ወይ ላልሽኝ፣ መልሴ አዎ ነው። እርግጠኛ ነኝ። ከአንድ መጽሐፍ ብቻ ያገኘሁት ቢሆን ኖሮ አልጽፍልሽም ነበር። የጤና ጣቢያውን ነርስ ጠየቅሁ፣ የግብርና ባለሙያዋን ጠየቅሁ፤ ሳይመካከሩ ያንኑ ነገሩኝ። ማሳ ላይ ከምንበትነው ማዳበሪያ ተክሉ ያልበላው ከዝናቡ ጋር ወደ ታች ይወርዳል፣ ወርዶም ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ናይትሬት ይሉታል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ጣዕም የለው። እኔና አንቺ ብንጠጣው ምንም አንል ይሆናል። የጥቂት ሳምንት ሕፃን ግን ደሙ አየር መሸከም ያቅተዋል። ከንፈሩና ጥፍሩ ሰማያዊ ይሆናል። የልጅሽን ከንፈር አንቺም አይተሻል፣ እኔም አይቻለሁ።

ማፍላቱን በተመለከተ፦ ውኃ ሲፈላ ተሐዋሲያን ይሞታሉ። ናይትሬት ነፍስ የለውም፣ አይሞትም። ውኃው በእንፋሎት ሲሄድ እሱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል፤ ብዙ በፈላ ቁጥር ይጠነክራል። ጡትሽ አልወርድ ብሎ የዱቄት ወተት ስንበጠብጥለት፣ አንቺ «በቃ እትዬ፣ ፈልቷል» ትዪኝ ነበር። እኔ ነኝ «ትንሽ ይቆይ» የምልሽ። ሁለቴ ነበር የማፈላው። ለልጅሽ መጠንቀቄ ነበር።

ለሁለተኛው ጥያቄሽ፦ ለምን አሁን ነገርኩሽ? አሁን ስላወቅሁ ነው። እስከ ዛሬ «ልቡ ደካማ ነበር» እየተባባልን ኖርን። እውነቱን ይዤ በዚያ ቃል መኖር አልቻልኩም። ይቅርታ ባለፈው ደብዳቤ ጠይቄሻለሁ፣ ከልቤ ነው የጠየቅሁሽ። አልደጋግመውም። ብደጋግመው አንቺኑ አጽናኚኝ ማለት ይሆንብኛል። ብትጠዪኝ አይገርመኝም፤ ዝም ብዬ ግን አልቀመጥም።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። ከጉድጓዱ በላይ ያለው ማሳ፣ አባታችሁ ባካፈሏችሁ መሠረት፣ ግማሹ የባለቤቴ ነበር፣ ጉድጓዱ ያለበት ግማሽ ያንቺ ነው። ጋሼ ታላቃችሁ ናቸውና ከመንገዱ ማዶ ያለውን ትልቁን ወስደዋል። ያንን የእኛን ማሳ ማዳበሪያ ያጠገብኩት እኔ ነኝ። ማንበብ የለመድኩት ራሱ ከማዳበሪያ ከረጢት ነው። ወንድምሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጋሼ የሰጡንን ባዶ ከረጢት አጥቦ ለመስኮቱ መጋረጃ አደረገልኝ፤ እኔ ደግሞ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ እነዚያን ትልልቅ ፊደላት አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። በሰው እርዳታ ያነበብኳት የመጀመሪያ ቃል ያንቺ ስም ነበረች፤ ያለ ሰው እርዳታ ያነበብኳት የመጀመሪያ ቃል ግን «ናይትሮጅን» ናት። ይህን ስነግረው እንዴት እንደሳቀ!

ጎመኑ ተነሥቷል፣ ማሳው ባዶ ነው፣ ክረምቱ በር ላይ ነው። አፈሩ ውስጥ የተረፈውን ማዳበሪያ ዝናቡ ሳያወርደው በፊት ሰጋቱራና ገለባ ከአፈሩ ጋር አደባልቄ ላስቀረው ነው። እንዴት እንደሚያስቀረው ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። በራሴ ግማሽ ማንንም አላስፈቅድም። ባንቺ ግማሽ ግን ፈቃድሽን እጠይቃለሁ።

ከሌላ ሰው ሳትሰሚ አንድ ነገር ልንገርሽ። የጉድጓዱ ክዳን ላይ በቀይ ቀለም ጽፌበታለሁ፤ ጎረቤት ሁሉ ይቀዳበታልና። የጻፍኩት «ለሕፃን አይሆንም። ቢፈላም።» የሚል ነው።

የወንድምሽ ሚስት


ሰኔ 11

እትዬ፣

ደህና ነን። ሰላምታሽ ደርሶናል።

መሬቱን እንዳሻሽ አድርጊው። የኔንም ግማሽ። ለመሬቱ ብዬ አይደለም ደብዳቤሽን ሦስቴ ያነበብኩት።

ደብዳቤሽ የመጣው በማይሆን ጊዜ ነው። ምን ማለቴ እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ አልነግርሽም። ስለ ከንፈሩም ደግመሽ አትጻፊልኝ። አውቀዋለሁ።

ጋሼ ደውለው ነበር። «የወንድማችን ሚስት ነካ አድርጓታል፤ የአናጢ ቤት ጥራጊ በከረጢት እየለቀመች ማሳ ላይ ትደፋለች» አሉኝ። ክዳኑንም ነገሩኝ። ቤተሰቡን ገበያ ላይ አሰጣችው ነው የሚሉት። ጎመን የሚነግዱት እሳቸው ናቸው፣ እውነታቸውን ነው፣ ሰው ይሰማል። እኔ «እ» እና «እሺ» ብቻ አልኩ። የምሠራበትን ሆቴል አንሶላ እየተኮስኩ ስለነበር ብዙም ማውራት አልቻልኩም።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ጋሼ አጥፊው ቢሉሽ ታጠፊዋለሽ? እሺ ባይነትሽን ስለማውቀው ነው የምጠይቅሽ። ለወንድሜም፣ ለጋሼም፣ ለእናቴም ስትታዘዢ ነው የኖርሽው።

ዋርሳሽ


ሐምሌ 20

ውድ እህቴ፣

እንደምን አለሽ? ዝናቡ እዚህ አናት ይበሳል። ያንቺ አንሶላ እንዴት እየደረቀ እንደሆነ እንጃ።

አላጠፋሁትም። ላንቺ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ዝርዝሩን ግን ስሚ፣ ትስቂበታለሽ።

ሰጋቱራውን ያገኘሁት መንገድ ዳር ካለው አናጢ ቤት ነው። ሰውየው መጀመሪያ ሲያየኝ፣ «እትዬ፣ ለምንሽ ነው? ለዶሮ?» አለኝ።

«ላስርበት ነው።»

«ማንን?»

«ማዳበሪያውን።»

መዶሻውን አስቀምጦ ሳቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሜ «ፖሊሷ» ሆኗል። ከረጢቴን ይዤ ብቅ ስል፣ «ፖሊሷ መጣች! ዛሬስ ማን ሊገባ ነው?» ይላል። ሥራ ቤቱ በሙሉ ይስቃል። ይሳቁ። ከረጢቱን እየሞሉ ነው የሚስቁት። የንጹሕ እንጨት ብናኝ ብቻ ነው የምወስደው፤ የኮምፔንሳቶው ሙጫ ስላለበት አይሆንም ብላኛለች ባለሙያዋ። አናጢው አሁን ራሱ ለይቶ ያስቀምጥልኛል።

ማሰር ያልኩት እንዲህ ነው። አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት አሉ። እንጨትና ገለባ ስትሰጫቸው ይበላሉ፣ ይራባሉ። ለመራባት ግን ናይትሮጅን ይፈልጋሉ፣ እንጨት ውስጥ ደግሞ ከስም በቀር የለም። ስለዚህ አፈሩ ውስጥ የተረፈውን ማዳበሪያ ለቃቅመው ሰውነታቸው ውስጥ ይከቱታል። ዝናቡ ሲመጣ አጥቦ የሚወስደው ያጣል። በኋላ እነሱ ሲሞቱ ቀስ እያለ ይፈታል፣ ተክሉም ያገኘዋል። ታስሯል እንጂ አልጠፋም።

አሁን ወደ ጋሼ። መጀመሪያ ሳልኖር መጥተው ጽሑፉን በአሸዋ ወረቀት ፋቁት። መልሼ ጻፍኩ። ደግመው ፋቁት። ደግሜ ጻፍኩ፣ አሁን ፊደሉን አገዘፍኩት። በሦስተኛው ጉድጓዱ አጠገብ ጠበቁኝ። ጃንጥላቸውን ይዘው፣ እግራቸው ጭቃ ውስጥ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይህን ጉድጓድ ማን ቆፈረው?»

«እርስዎ ነዎት ጋሼ።»

«በስንት ዓመቴ?»

«ገና ጢም ሳያበቅሉ።»

«እና እጄ እስኪላጥ የቆፈርኩትን ጉድጓድ ግንባሩ ላይ ስድብ ትጽፊበታለሽ?»

«ስድብ አይደለም፣ እውነት ነው።»

«ነገ ጎመኔን ማን ይገዛኛል?»

«ስለ ጎመን አንዲት ቃል አልጻፍኩም።»

«ገበያ ላይ ያለ ሰው ነጥሎ የሚያነብ መሰለሽ?»

እዚህ ላይ እውነት አላቸው፣ «እሱስ ልክ ነዎት» አልኳቸው። ይህን መሸነፍ አድርገው ወሰዱት መሰለኝ ድምፃቸውን አለዘቡ። «እሺ» አሉኝ፣ «እኔም ጨካኝ አይደለሁም። ‘ለሕፃን አይሆንም’ የሚለው ይቆይ። ያቺን ሁለተኛዋን ቃል ብቻ አጥፊያት።»

«ቢፈላም የምትለዋን?»

«እሷን።»

«እሷ ከጠፋችማ ጋሼ ሰው አፍልቶ ያጠጣል።»

«እሷ ካለች ደግሞ ማን አፍልቶ እንዳጠጣ ይጠይቃል!» አሉ። ከዚያ ወዲያ ወዲህ አዩና፣ «ለራስሽ ብዬ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። በዚህ ሁሉ ዓመት ለእኔ አስበው አንድ ነገር የተናገሩት ያኔ ይመስለኛል።

«ይጠይቁ» አልኳቸው። «ቤቴ እዚሁ ነው፣ እመልስላቸዋለሁ።»

መልሼላቸዋለሁም። የጎረቤታችን ምራት አራስ ናት፤ አንድ ቀን ጄሪካኗን አስቀምጣ፣ «እትዬ፣ ይህን እንዴት አወቅሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። ልጅሽን አንሥቼ፣ ድስቱን አንሥቼ፣ ራሴን አንሥቼ፣ ሁሉንም። ጄሪካኗን ባዶውን አንሥታ ሄደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ መንገዱ ማዶ የቧንቧ ቦኖ ድረስ እየሄደች ትቀዳለች። ሲከብዳት እኔን እየረገመች እንደምትሄድ ሰምቻለሁ። ትርገመኝ። ልጇን ትናንት አየሁት፣ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ይጮሃል።

ስለ ልጅሽ ያለፈቃድሽ ለሰው መናገሬን ልትቆጪበት ትችያለሽ። ከተቆጣሽ ጻፊልኝ። ግን ሌላ እናት ብትጠይቀኝ ለእሷም እነግራታለሁ።

የወንድምሽ ሚስት


ጥቅምት 25

ውድ እህቴ፣

ሰሞኑን በደረሰኝ አጭር ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ጤናሽ አንድም ቃል የለም። ሁለት ጊዜ አገላበጥኩት። መጻፍ ካልፈለግሽ አላስገድድሽም።

ጋሼ የነገሩሽ እውነት ነው። ጎመኑ ቢጫ ነው። ያንቺ ግማሽ ከኔው ይብሳል። ከመንገድ ላይ ሲያዩት እንደ ታመመ ሰው ዓይን ነው። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ያያል። አናጢው ራሱ መጥቶ አየና፣ «ፖሊሷ፣ እስረኞችሽ ራት አልበሉም እንዴ?» አለኝ። አልሳቅሁም። በኋላ ቤት ስገባ ሳቅሁ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ያንቺ ግማሽ ጉድጓዱ ያለበት ስለሆነ ይበልጥ ላስተማምን ብዬ ሰጋቱራውን አበዛሁት፤ ደቃቁን ብናኝ፣ ያውም ቶሎ የሚበላውን። ባለሙያዋ ሞተር ብስክሌቷን አቁማ እስክትወርድ እንኳ አልቆየችም፤ ከላይ ሆና፣ «እትዬ! አስረሽ አስረሽ ተክሉንም አሰርሽው!» ብላ ጮኸች። እዚያ ማሳ ዳር ተቀምጠን እንደ ልጅ ተሳሳቅን። መልካም ልጅ ናት፣ ሥራዋን ታውቃለች። መጽሐፌ ላይ ያላየሁትን አሳየችኝ፤ ለየተክሉ ሥር ጥቂት ማዳበሪያ በእጅ እንዳደርግ፣ ከዚያ እንድታገሥ። «የታሰረው መፈታቱ አይቀርም፣ መቼ እንደሆነ ግን አፈሩ ነው የሚያውቀው» አለችኝ።

«ሁለቴ ማፍላት ልማዴ ነው» አልኳት። አልገባትም። አንቺ ግን ይገባሻል። ጥንቃቄዬ ሁልጊዜ ልክ ያልፋል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እጄን እየያዝኩ ነው የምሠራው።

ጋሼ የምትፈርሚበት ወረቀት እያስጻፉ እንደሆነ ራሳቸው ነገሩኝ። አልደበቁኝም። ገንዘብ ተቀብለሽ ድርሻሽን ለእሳቸው ብትለቂላቸው መሬቱን ከመንገድ ማዶው ጋር አንድ ላይ ያርሱታል፣ ማዳበሪያውም እንደ ድሮው ይበተናል። ጉድጓዱ ያለው ባንቺ ግማሽ ነውና ክዳኑም የእሳቸው ይሆናል። ክዳኑን ሲያገኙ መጀመሪያ የሚያደርጉትን አንቺም ታውቂያለሽ።

አትፈርሚ ብዬ አልለምንሽም። መሬቱ ያንቺ ነው፣ ብዙ የወሰደብሽም መሬት ነው። ቢጫ ሆኗል እየተባልሽ ብትፈርሚ ማን ይፈርድብሻል? ግን አንድ ነገር እወቂ። ክዳኑን ቢከለክሉኝ የቤቴ በር ላይ እጽፈዋለሁ። በሩን ቢያስነቅሉኝ ቀሚሴ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ እቀመጣለሁ። እሺ ባይነቴን እንደምታውቂው ጽፈሽልኝ ነበር። እኔም አውቀዋለሁ። ድስቱ እሳት ላይ ሳለ እናትሽ «ጨምሪበት፣ ይፍላ» ሲሉኝም እሺ ነበር ያልኩት። ያ እሺ ይበቃኛል።

የወንድምሽ ሚስት


ታኅሣሥ 14

እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ጀምሬ ብዙ ጊዜ ቀድጄዋለሁ፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ ልጻፈው።

ሴት ልጅ ወልጃለሁ። የተወለደችው መስከረም ላይ ነው። የግንቦቱ ደብዳቤሽ ሲመጣ ሆዴ ገፍቶ ነበር። አንቺ ስለ ከንፈሩ ትጽፊያለሽ፣ እሷ ውስጤ ትራገጣለች። አልነገርኩሽም። እንዳትደሰቺ ፈልጌ ነው፣ እውነቱን ልንገርሽ። አንቺ ያልነካሽው አንድ ነገር እንዲኖረኝ ፈልጌ ነው።

ጡቴ አሁንም እምቢ ብሏል። የዱቄት ወተት ነው የምትጠጣው። ለዚህ ነው ደብዳቤዎችሽን ትራሴ ሥር የማኖራቸው። ውኃ ስገዛ ጠርሙሱን አገላብጬ አነባለሁ፤ ሻጩ «እመቤቴ፣ ውኃ እኮ ነው፣ ልብ ወለድ አይደለም» ይለኛል።

ጋሼ ራሳቸው መጡ፣ ያን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ። ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልለው፣ በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘው። መውለዴን አላወቁም ነበር። አልጋው ላይ ሲያዩአት ደነገጡ፣ ከዚያ አቀፏት። ከዚያ ምን አሉ መሰለሽ? እንኳን ማርያም ማረችሽ አላሉም። ስሟን አልጠየቁም። «ወተቷን በምን ውኃ ነው የምትበጠብጪላት?» አሉኝ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «እርስዎም ያምናሉ ማለት ነው።»

«ምኑን?»

«ክዳኑን።»

ልጅቱን መለሱልኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ «ነጋዴ ነኝ» አሉ። ራት አቀረብኩላቸው፣ ጥቂት ቀመሱ። ሲወጡ እንደገና ዞረው አልጋውን አዩ።

ወረቀቱ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው። አልፈረምኩም፣ አልቀደድኩምም። ባለቤቴ «ገንዘቡ ለልጅቱ ይሆናል» ይላል። ልክ ነው፣ ይሆናል።

እትዬ፣ ደክሞኛል። አንዲት ቃል ስጪኝ። ያን ሁሉ ሰጋቱራ ተሸክመሻል፣ ሰው ስቆብሻል፣ ማሳው ቢጫ ሆኖብሻል። ውኃው ጠርቷል? «ጠርቷል» ብለሽ ጻፊልኝ። ያንን ከጻፍሽልኝ ወረቀቱን እቀደዋለሁ፣ ልጄን ይዤ እመጣለሁ፣ ካንቺው እጅ ትጠጣለች፣ ነገሩም እዚህ ላይ ያበቃል። ካልጠራ ግን ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል? ለጋሼ ልስጣቸውና ልረፍ።

ዋርሳሽ


ጥር 19

ውድ እህቴ፣

እንኳን ማርያም ማረችሽ። ጋሼ የረሱትን እኔ ልበል። ለሕፃኗ ዕድሜ ይስጣት። አለመንገርሽ ልክ ነበር። እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ጓሮ ወጥቼ የማደርገው ነገር ጠፍቶኝ አንድ መደብ ሙሉ አረም ነቀልኩ። ከአረሙ ጋር ጥቂት ጎመንም ሳልነቅል አልቀረሁም።

መልስ ያዘገየሁት ባለሙያዋን እየጠበቅሁ ስለነበር ነው። የምትመረምርበት ቀጭን ወረቀት አለ፤ ውኃ ውስጥ ሲነከር ሮዝ ይሆናል፣ በጠቆረ ቁጥር ናይትሬቱ ብዙ ነው። ባለፈው ግንቦት በኛ ጉድጓድ ስትነክረው እንደ ቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ጠቁሮ ነበር። ሰሞኑን መጥታ በሁለት ጉድጓድ ነከረችው። ከመንገዱ ማዶ፣ ከጋሼ ማሳ ሥር ባለው፣ ያው እንደ ድሮው ጠቆረ። በኛው ፈዘዘ። ገባሽ? ፈዟል። ወረቀቱን ከእጇ ልነጥቃት ደረስኩ።

ማሳውም አረንጓዴ ሆኗል። የታሰረው እየተፈታ ነው። ያንቺ ግማሽ ዘግይቶ ነው የተነሣው፣ ጎመኑም ከጋሼው ያንሳል፤ ግን ቅጠሉን ሲጫኑት ጭብጥ ያለ ነው። አናጢው «ፖሊሷ፣ ምሕረት አደረግሽላቸው እንዴ?» ብሎ ሁለት ራስ ወስዷል።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ቃል።

ፈዟል፤ ሮዝነቱ ግን አለ። ባለሙያዋ ወረቀቱን ከቀለም ሰንጠረዡ ጋር አስተያይታ፣ «ለሕፃን ገና ነው እትዬ» አለችኝ። ደግሞም የአንድ ዓመት ነገር እርግጠኛ እንደማያደርግ ነገረችኝ፤ ከርሞ፣ ከዚያም በኋላ መታየት አለበት። ከላይ አዲስ እንዳይወርድ አደረግን እንጂ፣ እኔ ስበትነው የኖርኩት ከታች አለ። እሱ ተጠርጎ እስኪያልቅ ጊዜው የራሱ ነው።

ስለዚህ ያልሽኝን ቃል አልጽፍልሽም።

ብትፈርሚም አልጽፍም። ማሳው ተወስዶ፣ ጉድጓዱ ተወስዶ፣ እኔ ከዚህ ቤት ብወጣም አልጽፍም። ልጅሽን ማቀፍ አልፈልግም ይመስልሻል? ከምነግርሽ በላይ እፈልጋለሁ። ግን አንድ ጊዜ ሳላውቅ «ይህ ውኃ ደህና ነው» ብዬሻለሁ። እያወቅሁ ደግሜ አልልሽም። ምን ይጠቅማል ላልሽው፦ የጎረቤታችን ምራት ልጅ መቀመጥ ጀምሯል። ይህን ይጠቅማል። ለሌላው ያለኝ ሰጋቱራ ብቻ ነው። ከዚህ ጎመን በኋላም እጨምራለሁ፣ አሁን በልኩ።

ጋሼ ካንቺ ዘንድ ተመልሰዋል። ሬንጅ አምጥተውም ክዳኑ ላይ «ቢፈላም» የምትለዋን ብቻ ቀቡባት። «ለሕፃን አይሆንም» የሚለውን አልነኩትም። እኔም በቀይ ቀለም ባልዲው ላይ ጻፍኳት፤ ከዚያ ጉድጓድ ያለ ባልዲ የሚቀዳ የለም። ባልዲውን ሲያዩ ቆመው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንቺ ሴትዮ፣ ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?» አሉኝ።

«ማንበብ ነው ጋሼ» አልኳቸው። «ከራስዎ ከረጢት ላይ ነው የተማርኩት።»

ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

የወንድምሽ ሚስት


የካቲት 16

እትዬ፣

ባለቤቴ ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ እንዳነብለት ጠየቀኝ። አነበብኩለት። ስጨርስ ሄዶ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣና እኔው እንድቀደው ሰጠኝ። ልጅቱ የመቀደዱን ድምፅ ወደደችው፣ ሳቀች፤ ስለዚህ አድቅቄ ቀደድኩት። ቁርጥራጩን በፖስታ ከትቼ ልኬልሻለሁ። ወረቀትም እንጨት ነው አይደል? ማሳው ላይ ጨምሪው። እሱም ማዳበሪያውን ይሰር።

«ጠርቷል» ብለሽ ጽፈሽልኝ ቢሆን ኖሮ አላምንሽም ነበር፣ እፈርም ነበር። ስጽፍልሽ ይህን አላወቅሁም ነበር። ስትጽፊልኝ የኖርሽውን፣ አይሆንም የሚለውን፣ ፈልጌ ኖሯል።

ለጋሼ ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ። ልጅቱ ደህና ናት ወይ ብለው ጠየቁኝ፣ ደህና ናት አልኳቸው፣ ስልኩን ዘጉት። ክዳኑ ላይ ማን እንደጻፈ የሚጠይቅ ካለ ከዛሬ ጀምሮ ሁለታችን ነን በይ። ጉድጓዱ ያለው በኔ ግማሽ ነው።

ልጄን ይዤ በመጋቢት መጀመሪያ እመጣለሁ። ውኃዋን ከዚሁ በጄሪካን እይዛለሁ፣ ሹፌሩ የራሴ ነው፣ አይከብደኝም። ካንቺ ዘንድ ስንቆይ ወተቷን አንቺ ትበጠብጪላታለሽ፣ በኔ ውኃ። ድስቱን ግን አታውጪው። አንቺም «አፍልቼዋለሁ» እንዳትዪኝ።

ዋርሳሽ


የካቲት 27

እህቴ፣

አልልሽም።

የወረቀቱን ቁርጥራጭ በጉድጓዱ ዙሪያ ቀበርኩት። አናጢው ሲያየኝ፣ «ፖሊሷ፣ ይህኛው ደግሞ ምን አጥፍቶ ነው?» አለኝ። «ሊፈርም ሲል ተይዞ ነው» አልኩት።

ክዳኑ ላይ ያለውን ሬንጅ በጋዝ እያራስኩ ፍቄዋለሁ። ቦታዋን ባዶ ትቻታለሁ። ቀለሙን በጥብጬዋለሁ፣ ብሩሹ ተነክሮ ይጠብቅሻል። ቃሏን አንቺ ትጽፊያታለሽ።